ምዕራፍ 6፦ ዘሩ ከጎረቤት ጎታ

ቡሬ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስቸግር መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ዘገየ፣ ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባው፣ ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አልሰጥ አለ፣ እሱም ፎርማት ይደረግ። ጠጋኙ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ይሰካል፣ ሻዩን እየጠጣ አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃል፣ ሲጨርስ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኗል። ከየት የመጣ ዊንዶውስ? ጠጋኙ ከባሕር ዳር ጓደኛው ቀድቶታል። ጓደኛው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት መጥቷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የዘር ሐረግ የሚቆጥር የለም። በመንገዱ ላይ አንድ ሰው የፈቃድ ጥያቄውን የሚያልፍ «ክራክ» አስገብቶበታል። ያው ሰው ሌላ ምን አብሮ እንዳስገባ ግን ያየ የለም።

ስለ ነጻ ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ገንዘብ አይከፈልበትም» ብለው ይጀምራሉ። ይህ ለአውሮፓ አንባቢ ወሬ ይሆን ይሆናል። ለፍኖተ ሰላም አንባቢ ግን አይሆንም፤ እዚህ ለዊንዶውስም የከፈለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሕጉ ሌላ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ ሁሉ የባለቤቱ ያደርገዋል። ኑሮው ግን ከሕጉ ርቆ ሄዷል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ዋጋን እንተወውና ሌላ ነገር እንይ፦ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ከማን እንደመጣ ማወቅን፣ ለሌላ ሲሰጡትም ያለ ስጋት መስጠትን።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። መጻሕፍት «ስርዓተ ክወና» ይሉታል፣ ሰው ግን «ዊንዶውስ» ብቻ ነው የሚለው፣ ልክ ማናቸውንም የልብስ ሳሙና በአንዱ ስም እንደምንጠራው። ሥራው ምንድን ነው? ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በጃቢ ጠህናን ወረዳ የጌራይን መስኖ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ውሃው አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው፤ ዛሬ ማን ያጠጣል፣ ነገ ማን ይከተላል የሚለውን የሚዳኝ ሰው ያስፈልጋል። በየመስኖው እንዲህ ያለውን ሰው «የውሃ አባት» ይሉታል። ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩ የውሃ አባት ነው። ሚሞሪውንና ፕሮሰሰሩን ለዎርዱ፣ ለሙዚቃው፣ ለብራውዘሩ በተራ ያከፋፍላል፤ አንዱ የሌላውን ተራ እንዳይበላ ይጠብቃል። ዊንዶውስ አንድ የውሃ አባት ነው። ሊኑክስ ሌላ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊቀዳው፣ ሊያሻሽለው የሚችል ሙሉ ሲስተም እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፣ ስሙንም ግኑ አለው። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሲስተሙን እምብርት፣ «ከርነል» የሚባለውን፣ ጽፎ ለሰው ሁሉ ለቀቀ፤ በዓመቱም በስቶልማን ፈቃድ ሥር አዋለው። ዛሬ በጥቅሉ ሊኑክስ የምንለው ከዚህ ጋብቻ የተወለደ ነው። ስቶልማን በእንግሊዝኛ አንድ ጣጣ ገጥሞት ነበር፦ ያለ ክፍያ የሚገኘውም፣ ነጻነት ያለውም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ዕድሜውን ሙሉ ልዩነቱን ሲያስረዳ ኖሯል። አማርኛ በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው፣ ልዩነቱን የምትሸከመው አንዲት «በ» ናት። ከጠጋኙ ፍላሽ የሚገኘው ዊንዶውስ በነጻ ነው፣ ነጻ ግን አይደለም። ሊኑክስ ነጻ ነው፣ በነጻ መገኘቱ እግረ መንገዱን የመጣ ነው።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት በቆሎ ይበቃል። ቢኤች 660 የሚባለው ዲቃላ በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ ምርምር ማዕከል ወጥቶ በዚህ አካባቢ ለዓመታት ማሳውን ሞልቶት ኖሯል። ምርቱ ከአገሩ ዘር ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ ገበሬ አላጋጠመኝም። ነገር ግን ካመረቱት ላይ ለዘር አስቀርተው ቢዘሩት በሁለተኛው ዓመት ቁመቱም ፍሬውም ይዘበራረቃል፣ ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ዘር መግዛት ግድ ነው። ያገሩ ዘር ግን ከጎታ ወጥቶ ይዘራል፣ ለጎረቤት በብድር ይሰጣል፣ በመኸር ይመለሳል። የዊንዶውስ ፈቃድ የዲቃላው ዓይነት ነው፦ ይጠቀሙበታል እንጂ ዘር አያስቀሩበትም። የሊኑክስ ፈቃድ የጎታው ዓይነት ነው። ውሉም ያስቅ እንደሆነ እንጂ ከጎረቤት ብድር ብዙም አይርቅም፦ ውሰድ፣ ዝራ፣ ብትፈልግ አሻሽለው፤ ያሻሻልከውን ለሌላ ስትሰጥ ግን እኔ በሰጠሁህ መብት ስጥ። ምሳሌው የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጎረቤት ዘር ሲያበድር ጎታው ይጎድላል፣ ሶፍትዌር ያበደረ ጎታው እንደሞላ ይቀራል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። የእህቴ ልጅ ቡሬ መምህር ነው። ያለው ያገለገለ ዴል ላፕቶፕ ነው፣ የመጀመሪያው ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 4 ጊጋ ሚሞሪ፣ 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ከተሠራ 15 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ተጭኖበት የነበረው ዊንዶውስ 10 ተከፍቶ እስኪጨርስ ቡና ይፈላል ብል ማጋነን አይሆንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የልጁ ላፕቶፕ በዚህ መስፈርት ጡረታ ወጥቷል። በአገራችን ያለው አብዛኛው ያገለገለ ኮምፒውተር ዕጣው ከዚህ ብዙም የተለየ አይመስለኝም።

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይመጣል። እኔ የወሰድኩት ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለውን። 2 ጊጋ ሚሞሪ ላይ ይሠራል፣ 4 ቢሆን ይመርጣል። ፋይሉ 3 ጊጋ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አዲስ አበባ አውርጄ ፍላሽ ላይ ጫንኩት፣ ለሌላውም ይጠቅማል ያልኩትን ሁሉ በአንድ ፎልደር አስቀመጥኩ። አውቶብስ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ የፎልደሩን ስም «ሊኑክስ» ለማለት «ሊንክስ» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ያየሁትም ደብረ ማርቆስን አልፈን ነው። ይቅር አልኩ።

ላፕቶፑን ስንከፍት ኤፍ 12 ተጭነን ከፍላሹ እንዲነሣ አደረግነው። እዚህ ላይ ሊኑክስ አንድ ደግ ጠባይ አለው፦ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይሠራል። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ስክሪኑን ፈትሾ ካልወደዱት አጥፍቶ መሄድ ነው፣ የነበረው እንደነበረ ይቆያል። ልጁ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲነካካ ቆየና «ጋሼ፣ ይጫን» አለኝ።

አሁን የምጽፈውን እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በአገራችን ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ከጠጋኝ የተማረው አንድ ብልሃት አለ፦ ፋይልህን «ሲ» ላይ አታስቀምጥ፣ «ዲ» ላይ አስቀምጥ። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ሲ ነው፣ ዲ ትተርፋለች። የተማሪ ውጤት፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ዲ ላይ ነው። የሊኑክስ መጫኛ ግን ሲና ዲ የሚባል ነገር አያውቅም። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ምርጫ ከተጫኑ ዲም ሲም አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው። ብዙ ሰው ሊኑክስን «ፋይሌን በላብኝ» ብሎ የተጣላው በዚች አንዲት ቁልፍ ነው። እኛ አስቀድመን ዋና ዋናውን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ቀዳን። ቀጥሎ «ሌላ ነገር» የሚለውን ምርጫ ይዘን ሲን ብቻ ሰጠነው፣ ዲን አልነካናትም።

ተጭኖ ሲያልቅ የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዲ የት ሄደች?» የሚል ነበር። አልሄደችም፤ በስሟ ሳይሆን በመጠኗ ተጠርታ ከጎን በኩል ተቀምጣለች። ሲጫኗት ሁሉ ነገር እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ችግር የእኔ ጥፋት ነበር። ዋይፋዩ አልታይ አለ። እንዲህ ባሉ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ብሮድኮም የተባለ ኩባንያ የሠራው የዋይፋይ ካርድ የተለመደ ነው፣ ነጂ ፕሮግራሙም ለብቻው መጫን አለበት። ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ ያስፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የቆለፈ ሰው ሆንኩ። መውጫ ሁለት አለ። አንደኛው ስልክን በኬብል ሰክቶ ዳታውን ማጋራት ነው፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ይቆጥረዋል። የዚያን ቀን ዳታ አልነበረም። ሁለተኛው ነጂው እዚያው መጫኛ ፍላሽ ላይ መኖሩን ማስታወስ ነው። ሚንት ፍላሹ እንደተሰካ ከሆነ ከዚያው አንሥቶ ይጭነዋል። ይህን ያወቅሁት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተሟገትኩ በኋላ ነው።

በዚያው ምሽት የሚጣፍጠው ክፍል መጣ፣ አማርኛ መጻፍ። አይባስ የሚባለው የሊኑክስ የፊደል ማስገቢያ «ሴራ» የተባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ያውቃል። ሴራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ገና ፊደላችንን ሳያውቅ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች ለመወከል ያዘጋጁት ነው። ልጁ «ፍኖተ ሰላም» ሊጽፍ ኤፍን ሲጫን «ፍ» መጣ። ኤን ሲጨምር «ፍን»። ኦን ሲነካ «ን» ራሷ ተገልብጣ «ፍኖ» ሆነች። ቲ፣ «ፍኖት»። ኢ፣ «ፍኖተ»። ሳድሱ ዓይኑ እያየ ወደ ግዕዝ ዞረ። ሃሁ የቆጠረ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል፣ ምክንያቱም የቁልፉ አካሄድ የፊደል ገበታው አካሄድ ነው፦ ተነባቢዋ ብቻዋን ሳድስ ናት፣ አናባቢዋ ስትከተል ቤቷን ትቀይራለች። ትልቁ ኢ ኃምስ ይሰጣል፤ የ«ቡሬ» «ሬ» የምትመጣው በእሱ ነው።

ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ግን ኢማክስ የተባለው የግኑ ጽሑፍ ማረሚያ በጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ በ1997 በወጣው በ20ኛው እትሙ ግዕዝን ይጽፍ ነበር። በውስጡ «ሰላም»ን በየቋንቋው የሚያሳይ ገጽ አለ፣ አማርኛም አለችበት። የቀን መቁጠሪያውም የኢትዮጵያን ዘመን ያውቃል። ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ቅርጸ ፊደል፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ቪስታ የተባለው እትም ሲወጣ ነው፣ ከኢማክስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዘግይቶ። ምክንያቱ ጃፓኖቹ ከሌላው ይልቅ ስለሚወዱን አይደለም። ምንጩ ክፍት ስለሆነ ፊደሉን የሚፈልግ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ማስገባት ይችል ነበር፣ ገበያው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ክፍል ኃላፊ አልነበረም። የዴቢያን ሊኑክስ መጫኛም እ.ኤ.አ. በ2009 ሌኒ በተባለው እትሙ አማርኛን ከቋንቋዎቹ ቆጥሯል። አተረጓጎሙ አንዳንድ ቦታ ያስቃል፤ ቢሆንም ከማሳቅ አልፎ ያረመው ሰው የት አለ? በር ክፍት ነው።

የድሮው ፋይል ግን ሌላ ታሪክ ነው። ልጁ ከቀደሙት መምህራን የወረሳቸው ፈተናዎች በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ነበሩ። በሊኑክስ ስንከፍታቸው ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ነጥብ የተነጠበባቸው ምልክቶች ወረዱብን። «ሊኑክስህ አማርኛ አያነብም» ተባልኩ። ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። እነዚያ ፕሮግራሞች ከዩኒኮድ በፊት በነበራቸው አሠራር «ሀ»ን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሳሏት፣ ልክ የበግ ቆዳ እንደለበሰች። ቆዳው፣ ማለትም ቅርጸ ፊደሉ፣ ከሌለ የሚታየው ውስጧ ነው። ቅርጸ ፊደሉ በሌለበት ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ይሆናል። የነበረውን ቅርጸ ፊደል ወደ ሊኑክሱ ቀድተን ማንበብ ቻልን፤ የሚፈለጉትን ፈተናዎች ግን ልጁ በክረምቱ እንደገና በዩኒኮድ ጻፋቸው። አድካሚ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ልጁን ከሁሉ በላይ ያስገረመው ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። አንዲት ባልደረባው ፍላሽ ይዛ መጣች፦ ፎልደሮቹ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነዋል፣ ሲከፍቷቸው አይከፈቱም። ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የሄደ ፍላሽ ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ የራሱን አስመሳይ ምልክቶች ያስቀምጣል። ሚንት ላይ ስንሰካው የተደበቁት ፎልደሮች እንደ ተራ ፎልደር ተደርድረው ታዩ፣ ምክንያቱም «ደብቀኝ» የሚለውን የዊንዶውስ ምልክት ሊኑክስ አይሰማም፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ መነሣት አልቻለም። አስመሳዮቹን አጠፋንና ፍላሹን መለስንላት። በሳምንቱ ልጁ የትምህርት ቤቱ ፍላሽ ሐኪም ሆኗል።

ሁሉም ግን አይሠራም። ሒሳብ በፒችትሪ የሚሠራ ሰው ዊንዶውሱን አይንካ፣ ወይም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አውቶካድም እንደዚሁ። ሊብሬኦፊስ የዎርድን ፋይል ይከፍታል፣ ነገር ግን ሰንጠረዥ የበዛበት ቅጽ ሲሆን መስመሩ ይዘበራረቃል። አንድ መሥሪያ ቤት የላከውን ቅጽ ሞልተን ስንመልስ «ቅርጹ ተበላሽቷል» ተብሎ ተመልሶብናል፣ ኮፒ ቤት ሄደን ዊንዶውስ ላይ ዳግም መሙላት ነበረብን።

ሰው ደግሞ ሊኑክስን ሳያውቀው ይጠቀምበታል። በቡሬ ገበያ ዘመናዊ ቴክኖ ስልክ የያዘ ሁሉ አንድሮይድ ይዟል፣ የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሲስተም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ክፍት ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ፕሮጀክት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ አረንጓዴ ላፕቶፖችም ሊኑክስ ነበሩ፣ ቁልፎቻቸው ላይ የግዕዝ ፊደል ነበረ። ያ ፕሮጀክት ሳይስፋፋ ቀረ። ማሽን በአንድ ቀን ይታደላል፤ ሲበላሽ «እስቲ አምጣው» የሚል ጎረቤት ግን በዕደላ አይመጣም። በእኔ ግምት ቡሬ ላይ ዊንዶውስን የተከለው ማይክሮሶፍት ሳይሆን ፍላሽ በኪሱ የያዘው ጠጋኝ ነው።

የጎረቤት ነገር በተለይ የገባኝ ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ዓይነት ጊዜ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዱ የሚል ምክር ዋጋ የለውም። ሊኑክስ ለዚህ አንድ ያልተነገረለት ጠባይ አለው። ኤፕት-ጌት በሚባለው ትእዛዝ የሚወርዱት ፓኬጆች አንድ ፎልደር ውስጥ ይከማቻሉ። ያንን ፎልደር ወደ ፍላሽ ቀድቶ ተመሳሳይ እትም ላለው ለሌላ ኮምፒውተር መስጠት ይቻላል፣ ክራክ አያስፈልገውም፣ የሚከለክልም የለም። ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ አንድ ሰው ለሃያ ሰው ያወርዳል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፔዲያን ራሱን መያዝ ይቻላል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ገደማ ነው፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ስላሉት ትንሽ ፍላሽ ይበቃዋል። ማነሱ ያሳዝናል፣ መቻሉ ያጽናናል።

ልጁ ፍላሼን ለባልደረቦቹ ቀድቶ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ረስቼው ነበር።

ባለፈው ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ መኪና እስኪሞላ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። በቆጣሪው ላይ ያለው ወጣት አሮጌ ዴስክቶፕ ይሠራል፣ ስክሪኑ ላይ የሚንት አርማ አየሁ። ከየት አገኘኸው አልኩት። «ጅጋ ያለ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ፣ አንቱም ከፈለጉ ልቅዳልዎ» አለኝ። ፍላሼን ሰጠሁት። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ያሉት ከእኔ የወጡት ብቻ አልነበሩም። አንድ ሰው የብሮድኮሙን ዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚጭኑት በአማርኛ፣ በሁለት ገጽ፣ በዩኒኮድ ጽፎ ጨምሮበታል። ሌላው የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተናዎች አኑሮበታል። የፎልደሩ ስም «ሊንክስ» ነው። ማንም አላረመውም።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ለኮፒ ነው እንጂ ለዚህማ አናስከፍልም» አለኝ፣ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ እየዞረ።